አምባዛ ያልናት መኪና

በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመቶቼ ጋራዣችን ውስጥ ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «ይቀየር» የሚለው ነው። ድሮ መኪና ጎኑ ተሰርጉዶ ሲመጣ «ይበልጣልን ጥሩት» ይባል ነበር። ኋላ ኋላ ግን ወጣቶቹ ቆም ብለው ያዩና «ጋሼ፣ አይድከሙ፤ ይቀየራል» ይሉኝ ጀመር። መከላከያው ፕላስቲክ፣ መብራቱ ፕላስቲክ፤ ፕላስቲክ ደግሞ በመዶሻ ቢለምኑት አይሰማም። ስለዚህ ጡረታ የወጣሁ ዕለት ብዙም አልከፋኝም። ጓደኞቼ ጋቢ አለበሱኝ፣ አለቃችን አጠር ያለ ንግግር አደረገ፣ እኔም መዶሻዎቼን በጆንያ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ ሰባታሚት፣ ወደ ቤቴ ሄድሁ። የሥራ ዘመኔ በዚያው ያበቃ መስሎኝ ነበር። ለካ ከሁሉ የምወደውን ሥራ ገና አልሠራሁትም።

ሙያዬ ባትላሜራ ነው። የተጋጨ መኪና ገላውን ቀጥቅጦ፣ ዳስሶ፣ አቃንቶ ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልስ ሰው ማለት ነው። ሞተር አላውቅም፣ ኤሌክትሪክ አልነካም። የእኔ ድርሻ ቆዳው ነው።

ያስተማሩኝ ጋሽ ኑርሁሴን ናቸው። ባሕር ዳር በነበረ አንድ ፋብሪካ ጋራዥ ውስጥ ስቀጠር ዋናው ባትላሜራ እሳቸው ነበሩ። ቤተሰባቸው ጣና ዳር ዓሣ እያጠመደና ጀልባ እየሠራ የሚኖር ነው። አባታቸው ጣውላ ሲያጎብጡ እያዩ ስላደጉ ብረትንም እንደ እንጨት በትዕግሥት ነበር የሚይዙት። አርብ አርብ ወደ መስጊድ ከመሄዳቸው በፊት የመዶሻዎቻቸውን ፊት በደቃቅ አመድና በዘይት ጨርቅ እስኪያበራ ይወለውሉታል። እኔ ገና ጀማሪ ነኝና አንድ ቀን፣

«ጋሼ፣ ሰኞ እንደገና ይቆሽሽ የለም?» አልኋቸው።

«መዶሻው ፊት ላይ ያለ ጭረት ሁሉ ላሜራው ላይ ይታተማል» አሉኝ። «አንተ ፊትህን ሳትታጠብ እንግዳ ትቀበላለህ?»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የተጋጨ መኪና ሲመጣ መዶሻ ከማንሳታቸው በፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዙሪያውን ይዞሩትና ሹፌሩን «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ መጀመሪያ ምን ነካው? ቀጥሎስ?» ብለው ይጠይቁታል። ሹፌሮቹ ጥፋተኛ ፍለጋ ስለሚመስላቸው ይቆጡ ነበር። እሳቸው ግን የሚፈልጉት ሌላ ነው። ብረት በመጨረሻ የገባው መጀመሪያ መውጣት አለበት፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ አንዱን ስታቃና ሌላው ይኮማተራል። በሚቀጠቅጡበት ጊዜ ደግሞ አይናገሩም፤ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ። እንጉርጉሮው ድንገት ካቆመ አንድ ነገር እንደተበላሸ ጋራዡ ሁሉ ያውቃል።

ጥሩወርቅን ያገናኘኝም ይኸው ሥራ ነው። ፋብሪካው ሠራተኛ የሚያመላልስ ሰርቪስ አውቶቡስ ነበረው፤ ከሹፌሮቹ አንዷ ጥሩወርቅ ናት። በዚያ ዘመን ሴት አውቶቡስ ስትነዳ ለማየት ሰው ከሱቅ ይወጣ ነበር። አንድ ቀን ሁለት በሬዎች እየተዋጉ መንገድ ገቡና አንደኛው የአውቶቡሱን ጎን በትከሻው ደለቀው። ጋሽ ኑርሁሴን «ይህን ለብቻህ ሥራው» ብለው ሰጡኝ። ለፍቼ ጨረስሁት። ጥሩወርቅ መጣች፣ እጇን ከኋላ ወደ ፊት በላሜራው ላይ እያንሸራተተች ሄደች፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ ገና ነው» አለች።

«ምኑ ነው ገና? ቀለም ሲቀባ አይታይም።»

«እንዳይታይስ አይታይም። ግን አለ።»

ተናድጄ በመዳፌ ዳሰስሁት። የምስር ፍሬ የምታህል ጉብታ ነበረች። ጋሽ ኑርሁሴን ከወዲያ ማዶ ሲስቁ ሰማሁ። ሽማግሌ ሆነው፣ ሁለት ጎረቤቶቻችንን አስከትለው፣ ወደ አባቷ ቤት የሄዱልኝም እሳቸው ናቸው። «የልጁ እጅ ጥሩ ነው፤ በዓይን በኩል ልጅቱ ታግዘዋለች» ብለው ነው የጠየቁልኝ። አባቷም ስቀው ሰጡኝ።

በመካከሉ ጥቂት ዓመታት ማክሰኝት አጠገብ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሠርቻለሁ። የካምፑ አለቃ ከ«ዛሬ» በቀር ሌላ ቀን የማያውቅ ሰው ነበር። ላሜራ ከከተማ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ «በርሜል የለም?» ይላል። በርሜል ቀድጄ፣ ዘርግቼ፣ የገልባጭ መኪና በር ሠራሁለት። በሩን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ዘጋ፣ ምንም ሳይል ሄደ። ለፋሲካ ግን ሙክት ላከልኝ። እዚያ ነው የተሰበረውን ከመጠገን አልፌ ከምንም ተነሥቼ ቅርጽ ማውጣት የተማርሁት። ያኔ ለበር ብቻ የሚጠቅመኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ተመለስሁ፤ ልጆቻችን አድገው በየፊናቸው ሄዱ፤ ጥሩወርቅም ከእኔ ቀድማ ጡረታ ወጣች።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሳይሞላ መምህርት ቤዛ ቤታችን መጣች። ከሐዋሳ መጥታ ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ መካኒክስ የምታስተምር ወጣት ሴት ናት። ያመጣት ጓደኛዬ ደሳለኝ ነው፤ ደሳለኝ የሞተር ባለሙያ ነው፣ እሱም እንደ እኔ ጡረተኛ። በረንዳ ላይ ተቀመጠችና ጥቅል ወረቀት ዘረጋች።

«ጋሼ፣ የመኪና ወዳጆች ማኅበር የፍጥነት ውድድር አዘጋጅቷል» አለችኝ። «ይፋግ አጠገብ፣ አዲስ አስፋልት ፈሶበት ገና ለተሽከርካሪ ያልተከፈተ ቀጥ ያለ መንገድ አለ። እዚያ ነው። መዞር የለም፣ መቀዳደም የለም። አንድ መኪና ለብቻው ይሄዳል፣ ፍጥነቱ ይለካል፤ ከዚያ ዞሮ በመጣበት ይመለሳል፣ እንደገና ይለካል። አማካዩ ነው የሚያዘው። አንዱ ክፍል በቤት የተሠሩ፣ አነስተኛ ሞተር ያላቸው መኪኖች የሚወዳደሩበት ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ልሁን?»

«ሞተሩን ጋሽ ደሳለኝ አላቸው። ስሌቱን እኔ ሠርቻለሁ። ይህን ቅርጽ ማተሚያ ሞልድ ሳይኖር፣ በእጅ ቀጥቅጦ የሚያወጣ ሰው ግን ስጠይቅ ሁሉም የሚጠሩልኝ እርስዎን ነው።»

ወረቀቱን አየሁት። ከፊት ሰፊና ዝቅ ያለ፣ ወደ ኋላ እየቀጠነ የሚሄድ፣ የትም ቦታ ማዕዘን የሌለው ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በዘመኔ ማንም አዞኝ አያውቅም።

ጥሩወርቅ ከኋላችን ቆማ ታይ ነበር።

«ማን ነው የሚነዳው?» አለች።

«ከአዲስ አበባ አንድ ልምድ ያለው ልጅ እናስመጣለን ብለን ነበር» አለች ቤዛ። «ቀላል ሰው ቢሆን ይመረጣል። ክብደት ስለሚቆጠር።»

«እኔ ስንት የምመዝን ይመስልሻል?»

ደሳለኝ ሳቀ። ጥሩወርቅ ግን አልሳቀችም። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የሞላበት አውቶቡስ ስነዳ ስድሳን ሳላልፍ ኖሬአለሁ» አለች። «ያውም የሰው ነፍስ ይዤ ስለሆነ ነው። አሁን የምይዘው የራሴን ብቻ ነው።»

«የእኔንም ጭምር» አልኋት።

«አንተማ መኪናውን በደንብ ሥራው።»

እንዲህ ሆነና ተጀመረ።

ሞተሩ ደሳለኝ ግቢ ውስጥ ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉበት ከነበረ አሮጌ ላዳ ታክሲ ወጣ። የደሳለኝ ባለቤት ላዳው ከግቢዋ በመነሣቱ እልል ብላ ሸኘችን። ሻንሲውን አሳጠርን፤ ሹፌሩ የሚቀመጥበትን በወፍራም የብረት ቱቦ ቀፎ ከበብነው፤ ደሳለኝ ሞተሩን እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ እንደገና ገጠመው። እኔ ደግሞ ለገላው የሚሆን ስስ አሉሚኒየም ገበያ ላይ ድስት ከሚሠሩት ሰዎች አገኘሁ።

አሉሚኒየም ደረቅ ነው፤ ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። በእሳት ማለስለስ አለብህ፤ ግን እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅህም፣ ድንገት ፈስሶ ይቀራል። ጋሽ ኑርሁሴን ድሮ በተቀደደ ድስት ነበር ያስተማሩኝ። በላዩ ላይ ደረቅ ሳሙና ትቀባለህ፣ ከሥሩ እሳቱን ታዘዋውራለህ፤ ሳሙናው ሲጠቁር በቃ፣ ለስልሷል፣ ታነሣዋለህ። ከጣና ዳር አሸዋ አምጥቼ ነፋሁና በቆዳ ከረጢት ሞላሁ። ላሜራውን በከረጢቱ ላይ አስተኝቼ በእንጨት መዶሻ ማጎድጎድ፣ ከዚያ በብረት መዶሻ ማለስለስ፣ እንደገና ሳሙና፣ እንደገና እሳት። ጥዋት ስጀምር ጎረቤት «ይበልጣል ደወሉን መታ» ይል ነበር።

አፍንጫው ላይ ስደርስ ተቸገርሁና ወደ ጋሽ ኑርሁሴን ሄድሁ። ሰማንያን ተሻግረዋል፤ ከልጃቸው ጋር ሐይቁ ዳር ነው የሚኖሩት፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ዓይናቸውና ጆሯቸው ግን ደህና ነው። በባጃጅ ይዣቸው መጣሁ። ወንበር ላይ ተቀምጠው የቤዛን ወረቀት ብዙ ጊዜ አዩ።

«ይኸ እኮ አምባዛ ነው» አሉ። «ሰፊ ግንባር፣ ቀጭን ጅራት። ዓሣ ነው የሣልሽው፣ ልጄ።»

ቤዛ ሳቀችና፣ «አየር እንደ ውኃ ነው፣ ጋሼ። የሚከፍተው ሰፊ ሆኖ የሚዘጋው ቀጭን ሲሆን ሳይታወክ ያልፋል» አለቻቸው።

«እንግዲያው ተግባባን» አሉና፣ አፍንጫውን በሁለት እኩል አካፍዬ ለየብቻ እንድቀጠቅጥ፣ መጋጠሚያውንም መሀል ላይ ሳይሆን ወደ ታች እንዳወርደው አሳዩኝ። ከወንድማቸው የጀልባ መሥሪያ ቦታም የዋንዛ ጉማጅ አስመጥተው ቅርጹን በመጥረቢያ አስጠርበው ሰጡኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ስም አምባዛ ሆነ።

ያን ጊዜ የነበረውን ደስታ እንዴት ልናገረው? ጥሩወርቅ ምሳ ይዛ ትመጣለች፣ ቀፎው ውስጥ ትገባለች፣ እግሯ ፍሬኑ ላይ መድረሱን ትለካለች፤ ደሳለኝ ከሥር ተኝቶ ይሳደባል፤ ቤዛ መሬት ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። ጥሩወርቅ አንዳንዴ እጇን በገላው ላይ ታንሸራትትና ትጠቁመኛለች። እኔም እንደ ድሮው አልከራከርም፤ መዶሻዬን አነሣለሁ።

ከውድድሩ በፊት አዘጋጆቹ የሙከራ ቀን ፈቀዱልን። አምባዛን በአይሱዙ ጭነን ወደ ይፋግ ሄድን። መንገዱ በሩዝ ማሳ መሀል ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ነው። ጥሩወርቅ ሄልሜቷን አጠለቀች፣ ቀበቶዋን አሰርሁላት። መጀመሪያ ቀስ ብላ ሄዳ ተመለሰች። ሁለተኛ ጨመር አደረገች። «ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው» አለችን፤ ፊቷ ሁሉ በርቶ ነበር። በሦስተኛው ደሳለኝ «አሁን ልቀቂያት» አላት።

ድምፁ አምሮ መጣ። ፊት ለፊታችን ስታልፍ አፍንጫዋ ቀና ቀና ሲል አየሁ፤ እንደሚያሸት ውሻ። ወዲያው እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ተሰማ። የፊቱ ላሜራ ከሪቬቱ፣ ከማያያዣ ምስማሩ፣ ተገንጥሎ ወደ ላይ ተነሣ፣ ታጠፈ፣ የጥሩወርቅን የሄልሜት መስታወት መታና በላይዋ ላይ አልፎ ማሳው ውስጥ ወደቀ።

መኪናዋ ወዲያና ወዲህ አለች። ከዚያ ተስተካከለች። እየቀዘቀዘች፣ እየቀዘቀዘች ሄዳ ቆመች። የሮጥሁትን ሩጫ እግሬ ያውቀዋል። ስደርስ ጥሩወርቅ መሪውን እንደያዘች ተቀምጣለች፤ መስታወቱ ሸረሪት ድር መስሏል፣ ከቅንድቧ በላይ ትንሽ ደም ይወርዳል።

«ደህና ነኝ» አለች። «ፊት ለፊት አልታየኝም። የመንገዱን ጠርዝ በጎን እያየሁ ነው ያቆምኋት።»

ቀበቶዋን ፈትቼ ደሟን በመሐረቤ ጠረግሁላት።

ቤት እንደደረስን የብረት መቁረጫውን አነሣሁ። ልቆራርጣትና ለቁራሌው ልሰጣት ነበር። ያን ላሜራ የቀጠቀጥሁት እኔ፣ ሪቬቱን የመታሁት እኔ፤ ያ ላሜራ ነው በባለቤቴ ፊት ላይ የመጣው። በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ተበላሽቶብኛል፤ እንዲህ ያለ ውድቀት ግን አይቼ አላውቅም። ጥሩወርቅ ቅንድቧ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ መጣችና የመቁረጫውን ገመድ ከሶኬት ነቀለችው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«በቃ። አልችልም። እኔ የሠራሁት ነገር ሊገድልሽ ነበር።»

«አልገደለኝም።»

«በዕድል ነው!»

«በዕድል አይደለም» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ቀፎው ይዞኛል። መሪው አልከዳኝም። ፍሬኑ ሠርቷል። የተበላሸው አንድ ነገር ነው፤ ያን አንዱን አቃናው። አውቶቡሴን በሬ የደለቀው ጊዜ ቆራርጠህ ጣልኸው?»

መቁረጫውን መሬት ላይ አስቀመጥሁት።

በማግስቱ ጋሽ ኑርሁሴን መጡ። የተገነጠለውን ላሜራ ጭናቸው ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ተከተሉት። «ሪቬቱን ጠርዝ ላይ አስጠግተኸዋል» አሉኝ። «ቀዳዳው አልሰፋም፤ ከቀዳዳ እስከ ጠርዝ ያለችው ስስ ብረት ናት የተቀደደችው። ጠርዙን እጠፍና ውስጡ ሽቦ አስገባበት። ምጣድ ክዳን ላይ እንደምታየው።»

ቤዛ ግን ራሷን እየነቀነቀች ነበር። «ሪቬቱ ቢጠነክር መኪናው ራሱ ይነሣ ነበር» አለች። «ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ። ሆዱን ክፍት ነው የተውሁት። አየሩ በሥር ገብቶ መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ገፋው። ሥዕሉ ላይ ነው ስሕተቱ፤ የእኔ ነው።»

«ብረት በገባበት ይወጣል፤ አየር ደግሞ መውጫ ካጣ ይሰብራል» አሉ ጋሽ ኑርሁሴን። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሥሩት።»

ሠራነው። ቤዛ አፍንጫውን ወደ መሬት ዝቅ አደረገችው፣ ሆዱን ከዳር እስከ ዳር በለስላሳ ላሜራ ዘጋነው፣ አየሩ በጎንና በኋላ የሚወጣበት መንገድ ተበጀለት። እኔ ጠርዙን ሁሉ አጥፌ ሽቦ ቀበርሁበት፣ ሪቬቱን በሁለት ረድፍ መታሁ፣ በላዩም ከቆዳ የተሠራ ጠፍር አሰርሁበት። ደሳለኝ ጠፍሩን ሲያይ «በቅሎ ነው እንዴ የምትጭነው?» አለኝ። «አዎ» አልሁት፣ «ጥሩወርቅ ናት የምትቀመጥባት።»

የውድድሩ ጥዋት ይፋግ ሜዳ ላይ ያለው ሰው የገበያ ቀን ይመስል ነበር። የአካባቢው ገበሬ ከነቤተሰቡ ወጥቷል፣ ጃንጥላው በዝቷል፣ የተጠበሰ በቆሎ የሚሸጥ አለ። ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች መኪና ውስጥ ሙዚቃ ይጮኻል። አንዱ ጥሩወርቅ በነጠላዋ ወደ መነሻው መስመር ስትሄድ አያትና በትሕትና፣

«እማማ፣ ተመልካች በዚያ በኩል ነው» አላት።

«ይሁን ልጄ» አለችው። «ተራዬ እስኪደርስ አንተን ልመልከትህ።»

ነጠላዋን አውልቃ ሰጠችኝና ሄልሜቷን ስታጠልቅ የልጁ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ጋሽ ኑርሁሴን ጃንጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት። እኔ ቀበቶዋን አሰርሁና ጠፍሩን ጎተት አድርጌ አየሁት፤ እንደገና ጎተትሁት።

«ይበልጣል» አለችኝ። «ልቀቀው። ይዟል።»

የቤዛ ምኞት በሰዓት ከመቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ማለፍ ነበር። ባንዲራው ወረደ። አምባዛ መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ላዳ አጉረመረመች፤ ከዚያ ድምፅዋ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ። ፊት ለፊታችን ስታልፍ የማየው አፍንጫዋን ብቻ ነበር። አልተነሣችም። መሬቱን የምትልስ መስላ አለፈች። የሰው እልልታ ከኋላዋ እየተነሣ ተከተላት፤ እየራቀች፣ እያነሰች ሄዳ ከዓይን ጠፋች።

መለኪያው ጋ ያለው ሰው በስልክ «መቶ ሰባ ሁለት!» ብሎ ጮኸ። ደሳለኝ አቅፎኝ አነሣኝ። ቤዛ አለቀሰች። ከዚያ ግን ጥሩወርቅ አልተመለሰችም። ጠበቅን። ለመልሱ የተሰጠው ጊዜ አለ፤ ከዚያ ካለፈ የመጀመሪያው አይቆጠርም። የእኔ ልብ ግን ስለ ውድድሩ አልነበረም የሚመታው። አንድ ሞተር ብስክሌት ያለው ልጅ አፈናጥጦኝ ወደ መጨረሻው በረርን።

አስፋልቱ ከሚያልቅበት አለፍ ብሎ፣ ኮረኮንቹ ላይ፣ አምባዛ ቆማለች። ጥሩወርቅ ሄልሜቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጎማው ላይ ተደግፋለች፤ ዙሪያዋን ሩዝ ሲያርሙ የነበሩ ገበሬዎች ከበዋታል፤ እጇ ላይ የተጠበሰ በቆሎ አለ።

«ምን ሆነሽ ነው!»

«ፍሬን መያዙን ዘነጋሁት» አለች እየሳቀች። «እንዲህ ያለ መንገድ አግኝቼ ለምን አቆማለሁ? ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች በቆሎ ሰጥተውኝ ጥዬ ልሂድ?»

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህን ነገር ማን ሠራው?» አሉኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ጥሩወርቅ መለሰች። «ባለቤቴ ነው የሠራልኝ» አለቻቸው። ከድሮ ጀምሮ ስንት አለቃ አመስግኖኛል፣ ሙክት የላከልኝም ነበር፤ እንደዚያች ቃል ግን ደረቴን ያሞቀው የለም።

ገበሬዎቹ ተጋግዘው፣ ሰዓቱ ሳያልፍ አምባዛን አዞሩልን። በመልሱ ላይ ግን ከሐይቁ በኩል ነፋስ ተነሥቶ ነበር። ረፋድ ላይ የጣና ነፋስ እንዲህ ነው፤ ከጎን ነው የሚመጣው። ጥሩወርቅ ጣቷን ምላሷ ላይ አርጥባ ወደ ላይ አነሣችና፣ «ወደ ግራ ትንሽ ተደግፌ ልሂዳ» አለች፤ ገበያ እንደምትሄድ ሰው። ሞተር ብስክሌቱ ላይ ሆኜ ከኋላ አየኋት። አምባዛ ነፋሱ ሲመታት ጭራዋን ትወዘውዝ ነበር፤ ከመሀል መስመሩ ግን አልወጣችም።

አማካዩ መቶ ስልሳ ስምንት ሆነ። በክፍላችን ሁለተኛ ወጣን። አንደኛ የወጣው ያ «እማማ» ያላት ልጅ ነው፤ መጥቶ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል ቀና አደረገችውና ጉንጩን ሳመችው። «ፍሬን ሳይዙ ነው ያለፉት አሉ፣ እውነት ነው?» አላት። «አንተም ሞክረው» አለችው፣ «በቆሎ አለ።»

ሰዉ ሲበተን፣ ጃንጥላው ሲታጠፍ፣ ጋሽ ኑርሁሴንን ወደ መኪና ልረዳቸው ሄድሁ። እሳቸው ግን በዱላቸው እየተደገፉ አምባዛ አጠገብ ቆመዋል። የገላዋን ሙቀት በመዳፋቸው ያዩት ነበር።

«ይበልጣል» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ እኮ መኪና ነድቼ አላውቅም።»

ያልሰማሁ መሰለኝ። «ዕድሜዎን ሙሉ መኪና ሲያቃኑ?»

«ያቃናሁትን ሁሉ ሌላ ሰው ይዞት ሄደ» አሉና ሳቁ።

ጥሩወርቅ ሰምታ ነበር። ሄልሜቱን ከቆባቸው በላይ አጠለቀችላቸው። እኔና ደሳለኝ ከሁለት በኩል ደግፈን፣ እግራቸውን አንድ በአንድ እያስገባን ቀፎው ውስጥ አስቀመጥናቸው። ደሳለኝ ሞተሩ እንዳይነሣ ዘጋው። «እኛ ነን የምንገፋዎት» አላቸው። እኔ፣ ደሳለኝ፣ ቤዛ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆችም እየሮጡ መጥተው ከኋላ ተደረደርን። ጥሩወርቅ ከጎናቸው እየሄደች፣ «መሪውን አይጨብጡት፣ ላላ አድርገው ይያዙት። እርስዎ የሚያዩት ሩቅ ነው፣ አፍንጫዋን አይመልከቱ» ትላቸዋለች።

አምባዛ ተንቀሳቀሰች። ባዶው አስፋልት ላይ ጎማው ሹክ ሹክ ይላል። ጋሽ ኑርሁሴን መሪውን ወደ ቀኝ ትንሽ፣ ወደ ግራ ትንሽ አሉት፤ መኪናዋም እሺ አለቻቸው።

«አሁን ስንት ነው የምሄደው?» ብለው ጮኹ።

«በጣም ፈጣን ነው ጋሼ!» አለቻቸው ጥሩወርቅ።

«ውሸት!» አሉ ከሄልሜቱ ውስጥ። «ጨምሩ!»

እየሳቅን ጨመርን።